«ፈረሰ» አትበሉኝ

አማርኛችን አንድ ተንኮለኛ ግስ አለው፤ «ፈረሰ» የሚባል። አጥር ይፈርሳል፣ ዕቁብ ይፈርሳል፣ ትዳር ይፈርሳል፣ ክረምቱ ከበረታ የጭቃ ቤት ይፈርሳል። ሁሉም በራሱ ጊዜ፣ ማንም ሳይነካው የፈረሰ ይመስላል። «አፈረሰ» ስትሉ ግን ወዲያው «ማን?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። በዚያች በአንዲት «አ» ስንት ሰው እንደሚደበቅ ላሳያችሁ ነው ዛሬ ይህን ሁሉ የምጽፈው። ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየዓመቱ ኖቬምበር 9 ሲደርስ ፌስቡክ ላይ የሚዞር ፖስት አለ። የሚቃጠል ምኩራብ ፎቶ ይለጠፍና ከሥሩ «የተቆጣ ሕዝብ በአንድ ሌሊት ገንፍሎ ወጥቶ የጀርመን ምኩራቦች ወደሙ» ይባላል። ዘንድሮ አንዱ ጨመረበትና «የሙኒክ ዋናው ምኩራብም በዚያ ሌሊት ፈረሰ» ብሎ ጻፈ። ሼሩ ብዛቱ! ሦስት የቀድሞ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ እውነት ነው?» ብለው ልከውልኛል።

አይደለም። የሙኒክ ዋናው ምኩራብ በዚያ ሌሊት አልፈረሰም። ሊፈርስም አይችልም፤ ሌሊቱ ሲመጣ ምኩራቡ ከጠፋ አምስት ወር ሆኖታል። ያፈረሱት በጁን 1938 ነው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በተመዘገበ የኮንስትራክሽን ኩባንያ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ኮሜንት ላይ እንዳንነታረክ።)

የቀን ስህተት ብቻ ቢሆን ኖሮ አርሜ አልፍ ነበር። ግን እነዚያ አምስት ወራት ሲጠፉ ዋናው ታሪክ አብሮ ይጠፋል። ጉዳዩን ወደ ኖቬምበር ስትወስዱት ጥፋተኛው «መንጋ» ይሆናል። መንጋ ደግሞ ስም የለውም፣ ፊርማ የለውም፣ ደረሰኝ አይቆርጥም። በጁን ስታስቀምጡት ግን ትእዛዝ ሰጪ አለ፣ ማዘጋጃ ቤት አለ፣ ተቋራጭ አለ፣ ዕቃ ገዢ አለ፣ የቀን ሠራተኛ አለ። እኔ የምጣላው ከዚህ መደበቂያ ጋር ነው።

በመጀመሪያ ምን ዓይነት ሕንፃ እንደነበር እንወቅ። ብዙዎቻችን «ምኩራብ» የሚለውን ቃል የምናውቀው ከወንጌሉና ከዐቢይ ጾም ሦስተኛ ሳምንት ነው። (ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ጎንደር ሳሉ የጸሎት ቤታቸውን «መስጊድ» ነበር የሚሉት፤ እሱ ሌላ ፖስት ይወጣዋል።) ስለዚህ ምኩራብ ሲባል በአእምሯችን የሚመጣው ጥንታዊና የሩቅ አገር ነገር ነው። የሙኒኩ ግን የአዲስ አበባ እኩያ ነው። አዲስ አበባ በ1886 ተቆረቆረች፤ ይሄ ምኩራብ በሴፕቴምበር 1887 ተመረቀ። የቆመውም እንደ እንግዳ ከከተማው ዳር አይደለም። መሃል ከተማ ነው፣ ሄርዞግ ማክስ ጎዳና ላይ፣ ከታወቀው የካቶሊክ ካቴድራል ብዙም ሳይርቅ። የዘመኑን ፎቶዎች ብታዩ የካቴድራሉ ሁለት ማማዎች ከምኩራቡ ጀርባ ብቅ ብለው ይታያሉ። ልክ እንደ ጎረቤት።

ቦታው ላይ የደረሱትም በአንድ ቀን አይደለም። የሙኒክ አይሁዶች ከ1826 ጀምሮ አነስ ያለ ምኩራብ ነበራቸው፤ ሲመረቅ የባቫሪያው ንጉሥ ሉድቪግ 1ኛ ራሳቸው ተገኝተዋል። ምእመኑ ሲበዛ ጠበበ። አዲስ ቦታ ፍለጋው ዓመታት ፈጅቶ በ1882 ተሳካ፤ የንጉሥ ሉድቪግ 2ኛ ድጋፍ ነበረበት። (የዲዝኒ ፊልም መጀመሪያ ላይ የምታዩትን ዓይነት ተረት የመሰለ ቤተ መንግሥት ያሠሩት ንጉሥ ናቸው።) አርክቴክቱ አልበርት ሽሚት ይባላል። ግንባታው ሦስት ዓመት ወሰደ። ወፍራም ግድግዳ፣ ክብ ክብ ቅስት፣ ረጅም ማማ፤ ሮማነስክ የሚሉትን የድሮ አሠራር ተከትሎ ነው የሠራው። በዚያ ዘመን ጀርመኖች «ይሄ የኛ የአባቶቻችን ነው» የሚሉት አሠራር ነበር። 1,800 ያህል ሰው ይይዛል። በጊዜው ከጀርመን ትላልቅ ምኩራቦች አንዱ ነው። ማኅበረሰቡ በድንጋይ የተናገረው ነገር ግልጽ ነው፦ እኛ በዕብራይስጥ የምንጸልይ የዚህ አገር ሰዎች ነን።

እርስ በርሳቸው እንኳ ይጣሉ ነበር፤ ይሄን የምነግራችሁ እንደ ማንኛውም ምእመን እንደነበሩ እንድታዩ ነው። በጸሎት መሃል ኦርጋን መመታቱ ያላስደሰታቸው ወግ አጥባቂዎች ተገንጥለው በ1892 «ኦሄል ያዕቆብ» የሚባል የራሳቸውን ምኩራብ ሠሩ። የያዕቆብ ድንኳን ማለት ነው። ስሙን ያዙልኝ፣ እንመለስበታለን።

ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ በሙኒክ 9,000 ገደማ አይሁዶች ነበሩ። የዋናው ምኩራብ ረቢ ሊዮ ቤርቫልድ ይባላሉ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለጀርመን ሠራዊት የጦር ሜዳ ረቢ ሆነው ያገለገሉ ሰው ናቸው። ሕዝባቸው እንግዳ ነው ተብሎ ሲሰደብ፣ እሳቸው ለዚያው አገር ወታደር ጸልየው የመጡ ናቸው።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንግባ። እዚህ ጋ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ማርች 28 ቀን 1938 አንድ ሕግ ወጣ። የአይሁድ ማኅበረሰቦች በጀርመን ሕግ እንደ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ የሕዝባዊ ተቋም እውቅና ነበራቸው። ሕጉ ያንን አነሳና ተራ ማኅበር አደረጋቸው። ድንጋይ አልተወረወረም፣ መስኮት አልተሰበረም። አንድ ገጽ ሕግ ነው። ጋዜጣ ላይ ያነበበ ጀርመናዊ «የአስተዳደር ጉዳይ ነው» ብሎ ገጹን ገልብጦ ይሆናል። ምኩራቡ ግን በመጀመሪያ የተመታው ያን ቀን ነው ብዬ አምናለሁ። ሦስት ወር እንኳ አልሞላም፣ ዶማው መጣ።

ጁን መጀመሪያ ላይ ሂትለር ሙኒክ ነበር። ከምኩራቡ ጎን «የአርቲስቶች ቤት» የሚባል ሕንፃ አለ። በጁላይ ደግሞ «የጀርመን ጥበብ ቀን» የሚሉት ትልቅ ድግስ ተደግሷል፤ ሰልፍ፣ ባንዲራ፣ እንግዳ። ሰውዬው ምኩራቡ ከእይታ ይጥፋ ብሎ አዘዘ። ጁን 8 ማኅበረሰቡ ተነገረው፦ ነገ ማፍረስ እንጀምራለን።

ምክንያት? ትራፊክ። መኪና ማቆሚያ ያስፈልጋል ተባለ።

እስኪ ይሄን ቃል አንድ ጊዜ ደግማችሁ አንብቡት። ጥላቻ አልተባለም። ዘር አልተባለም። ፓርኪንግ ነው የተባለው። ለሃምሳ ዓመት ሰው የተዳረበት፣ ልጅ የተመረቀበት፣ ሙት የታሰበበት ቤት በፓርኪንግ ስም ተወሰደ። ማኅበረሰቡ ቦታውን እንዲሸጥ ተገደደ፤ የተሰጠውም ገንዘብ ከንብረቱ ዋጋ ጋር የሚገናኝ አልነበረም። ባለፈው ጊዜ ሌላ ፖስቴ ሥር «ካሳ ተከፍሏቸዋል እኮ» ያልከኝ ወንድሜ፣ ዋጋውን ገዢው ብቻ የሚወስንበት፣ ሻጩም እንቢ ማለት የማይችልበት ግብይት በየትኛው ገበያ ነው ሽያጭ የሚባለው? እዚያ ያለው ደረሰኝ የዘረፋ ደረሰኝ ነው።

ያን ዕለት ማታ ረቢ ቤርቫልድ የመጨረሻውን ጸሎት መሩ። የኦሪቱ ጥቅሎች ወጡ። ጥቂት ሰዓት ነበራቸው። ሃምሳ ዓመት የተገነባን ነገር በአንድ ምሽት ምን ያህሉን ታወጣለህ? በማግሥቱ ጁን 9 ሠራተኞቹ ገቡ፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥም ሕንፃው ከመሬት ጋር እኩል ሆነ። የጥበብ ቀኑ እንግዶች ሲመጡ ከአርቲስቶቹ ቤት ጎን የጠራ ሜዳ ጠበቃቸው።

ያፈረሰው ኩባንያ ሌዮንሃርድ ሞል ይባላል፤ በሙኒክ የታወቀ ተቋራጭ ነው። ስሙን በድፍረት የምጽፈው ስሙ በታሪክ መዝገብ ላይ ስላለ ነው። እኛ «ናዚዎች አፈረሱት» ስንል ቡናማ ሸሚዝ የለበሰ ጎረምሳ በመዶሻ ሲደበድብ ይታየናል። የመጣው ግን የጠዋት ፈረቃ ነው። ምሳ የቋጠረ፣ ሰዓት የሚፈርም፣ ቅዳሜ ደሞዙን የሚቀበል ሰው ነው። ጎረምሳው ያን ቀን አላስፈለገም።

ኦርጋኑስ? ኦርጋኑ ተሸጠ። ገዢው የሙኒክ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት ነው፤ ቅዱስ ኮርቢኒያን በሚባል ቤተ ክርስቲያን ተተከለና በጦርነቱ የቦምብ ድብደባ ጠፋ። በዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ይከራከረኛል። አንዱ «ቢያንስ ከመሰባበር አዳኑት» ይላል። ሌላው «የተሰረቀ ዕቃ ነው የገዙት» ይላል። ሁለቱም አንዳንድ እውነት አላቸው። እኔ ግን የምጠይቀው ሌላ ነው፦ እሑድ እሑድ ያንን ኦርጋን እየሰማ የዘመረው ምእመን ዕቃው ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ ምን ይል ነበር? «ምኩራቡ ፈርሶ ነው የመጣው» የሚል ይመስለኛል። አያችሁ፣ ጀርመንኛም ሳይቀር «ፈረሰ» አለው።

ሙኒክ ብቻዋን አይደለችም። ኦገስት 10 በኑረምበርግ፣ ዩሊየስ ሽትራይኸር የሚባለው የዚያ አካባቢ የፓርቲ አለቃ አደባባይ ወጥቶ ንግግር እያደረገ የዋናው ምኩራብ ማፍረስ ተጀመረ። በካይዘርስላውተርን እንዲሁ፤ እዚያ ደግሞ ሰበቡ የሰልፍ ሜዳ ነው። በዶርትሙንድ ማኅበረሰቡ ሽጥ ተብሎ ተገዶ፣ ማፍረሱ በኦክቶበር ጀመረ። ሁሉም ከኖቬምበር 9 በፊት ነው። ሁሉም በቀን ነው። በሁሉም ውስጥ ወረቀት አለ።

እንግዲህ «ሕዝቡ ተቆጥቶ» የሚባለው ሌሊት የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በጁን ማን ምን እንደሚል ሞክረው አዩት። ማንም ምንም አላለም፤ ወይም ያለው ሰው ድምፁ አልተሰማም፣ ጋዜጦቹ ሁሉ በመንግሥት እጅ ነበሩና። ከዚያ በኋላ ለኖቬምበር የሚያግድ ነገር ምን ቀረ?

ያ ሌሊት ራሱ እኮ የመንጋ ሌሊት አልነበረም። የተቀጣጠለው እዚያው ሙኒክ ነው፤ በአሮጌው ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ፣ የፓርቲ ባለሥልጣናት በተሰበሰቡበት ራት ላይ ጎብልስ ባደረገው ንግግር። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ20 በእኛ አቆጣጠር ሃይድሪሽ ለፖሊስ ቴሌግራም ላከ። ቴሌግራሙ ምን ይላል መሰላችሁ? ምኩራብ የሚቃጠለው እሳቱ ለጎረቤት ሕንፃ አደጋ በማይሆንበት ቦታ ብቻ ይሁን ይላል። የማኅበረሰቦቹ መዛግብት ይያዙ ይላል። አይሁዶች፣ በተለይ ሀብታሞቹ፣ እስር ቤት የሚችለውን ያህል ይታሰሩ ይላል። እሳት አደጋ መኪናዎቹ ቆመው የጎረቤቱን ጣሪያ ሲጠብቁ አደሩ። የተቆጣ ሕዝብ ለጎረቤት ጣሪያ ይህን ያህል ያስባል እንዴ? ለመዝገብ ቤት ፋይልስ ይጨነቃል?

ያን ሌሊት ኦሄል ያዕቆብ ተቃጠለ። ያ ያዙልኝ ያልኳችሁ ምኩራብ። ሻርሎተ ክኖብሎኽ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ የአባታቸውን እጅ ይዘው በሙኒክ ጎዳና ሲሄዱ እሳቱን አይተዋል። እሳቸውን ኋላ ላይ እናገኛቸዋለን። በመላ ጀርመንና ኦስትሪያ ከሺህ በላይ ምኩራቦችና የጸሎት ቤቶች ተቃጠሉ ወይም ተሰባበሩ፤ 30,000 ገደማ ወንዶች ታስረው ዳኻው፣ ቡኸንቫልድና ዛክሰንሃውዘን ተወረወሩ። ከዚያም ሒሳቡ ለተጎጂዎቹ መጣ። መንግሥት የኢንሹራንስ ክፍያቸውን ወሰደ፣ በላዩ ላይ አንድ ቢሊዮን የራይኽ ማርክ ቅጣት ጣለባቸው። እንደገና ወረቀት። ቀጪውም፣ ሰብሳቢውም፣ ደረሰኝ ቆራጩም መሥሪያ ቤት ነው።

ረቢ ቤርቫልድ በ1940 ወደ ኒውዮርክ ወጡ። መውጣት ያልቻለው ሙኒክ ቀረ። ኖቬምበር 20 ቀን 1941 አንድ ባቡር 1,000 ያህል የሙኒክ አይሁዶችን ጭኖ ወደ ሊትዌንያ ከተማ ወደ ካውናስ ሄደ። ኖቬምበር 25 ዘጠነኛው ምሽግ በሚባለው ቦታ ረሸኗቸው። አምስት ቀን። ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ቀደም ብሎ በፓርኪንግ ስም ጸሎት ቤታቸውን ያጡ ሰዎች ከዚያ ባቡር ውስጥ ነበሩ።

ያ ተቋራጭስ? ሥራው አልተቋረጠም። በጦርነቱ መጨረሻ ዓመታት ሙኒክ አቅራቢያ ላንድስበርግ አጠገብ ከመሬት በታች ግዙፍ የኮንክሪት የአውሮፕላን ፋብሪካ ሲገነባ ዋናው ተቋራጭ ይኸው ሌዮንሃርድ ሞል ነው። ኮንክሪቱን የተሸከሙት የዳኻው ቅርንጫፍ የሆነው የካውፈሪንግ ካምፕ እስረኞች ናቸው፤ አብዛኞቹ አይሁዶች። በረሃብ፣ በታይፈስና በሥራ ብዛት በሺዎች አለቁ። በ1938 ምኩራቡን ያፈረሰ ኩባንያ በ1944 ምእመኑን አሠራ። ይሄን «አጋጣሚ» የሚለኝ ካለ ኮሜንት ላይ ይምጣ።

እዚህ ድረስ «ዘመኑ ነው፣ ትእዛዝ ነው፣ እንቢ ቢሉ ይገደሉ ነበር» የሚል ሰው አለ። አውቃለሁ፣ ሁልጊዜ አለ። እሺ፣ ልተውለት። አምባገነን መንግሥት ነው፣ ፍርሃት አለ፣ የቀን ሠራተኛ ልጆች አሉት፣ ዶማ አልይዝም ማለት ቀላል አይደለም። ይሁን ብያለሁ።

አሁን 1956ን አስረዳኝ።

ምክንያቱም የምኩራቡ ድንጋይ አልጠፋም ነበር። ያፈረሰው ኩባንያ ፍርስራሹን ጭኖ ወስዶ ግቢው ውስጥ አከማችቶታል። ጦርነቱ መጣ፣ ሙኒክ በቦምብ ወደቀች፣ ጦርነቱ አለቀ፣ ናዚዎቹ ኑረምበርግ ላይ ተፈረደባቸው፣ አዲስ ሕገ መንግሥት ተጻፈ፣ ምርጫ ተደረገ፣ ኢኮኖሚው አንሰራራ፤ ድንጋዩ ግን ግቢ ውስጥ ነው። በ1956 ከሙኒክ በስተደቡብ፣ ግሮስሄሰሎሄ በሚባል ቦታ፣ በኢዛር ወንዝ ላይ ያለች ግድብ መጠናከር አስፈለጋት። ሙሌት ተፈለገ። ከሌሎች በቦምብ ከወደቁ ሕንፃዎች ፍርስራሽ ጋር የምኩራቡም ድንጋይ ተጫነና ወንዝ ውስጥ ተደፋ። 150 ቶን ገደማ እንደሚሆን ነው በኋላ የተነገረው።

በ1956 ሂትለር ከሞተ 11 ዓመቱ ነው። ጌስታፖ የለም። አዛዥ የለም። እንቢ ያለን ሠራተኛ የሚገድል የለም። ጀርመን ዲሞክራሲ ናት። ሙኒክ ውስጥ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና የተቋቋመ የአይሁድ ማኅበረሰብ አለ፤ አድራሻው ይታወቃል፣ ምኩራቡ ከ1947 ጀምሮ ክፍት ነው፣ ስልክ መደወል ይቻላል። በዕብራይስጥ ፊደል የተቀረጸ ድንጋይ በመኪና ላይ ሲጫን አንድ ሰው እንኳ «ቆይ፣ ይሄ የማን ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ድፍረት አያስፈልገውም ነበር፤ የሚያስፈልገው ስልክ ብቻ ነበር።

የዚያ ምኩራብ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ከ1938ቱ ይልቅ። በ1938 ያዘዘው ጠላት ነው። በ1956 ያዘዘው የግንባታ ፕሮግራም ነው። ክፋት አልነበረበትም ልትሉኝ ትችላላችሁ፤ እኔም ክፋት ነበረበት አልልም። ያ ድንጋይ ግን በጁን 1938 «ፍርስራሽ» ተብሎ ስም ወጥቶለታል፣ ከዚያ በኋላ ማንም ስሙን አልቀየረለትም። ሥራውን ለጨረሱት ሰዎች ሙሌት ነው። አንድን ነገር መጀመሪያ በቃል ካፈረስከው፣ ከ18 ዓመት በኋላ እንኳ ደጉ ሰው አንተ በጀመርከው ቃል ይጨርስልሃል።

(አንዳንዶቻችሁ አሁን ወደ ዛሬ ፖለቲካ ልትጎትቱኝ እጃችሁን ኪቦርድ ላይ እንዳደረጋችሁ ይታወቀኛል። አትድከሙ። እኔ የማወራው ስለ አንድ ሕንፃ ነው፤ ያንን አንድ ሕንፃ እንኳ በትክክል ተርከነው አናውቅም።)

ምኩራቡ በነበረበት ቦታ አጠገብ የመታሰቢያ ድንጋይ የቆመው በ1969 ነው። 31 ዓመት ቆይቶ። ያን ጊዜ ድንጋዩ ወንዝ ውስጥ ከገባ 13 ዓመቱ ነበር፤ ለጠፋ ድንጋይ አዲስ ድንጋይ አስቀርጸው አቆሙለት፣ የራሱ ድንጋይ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ውኃ እየተሻገረው። ለመታሰቢያው ክብር አለኝ። ሆኖም እንዲህ ያለ ነገር ሳነብ ሳቅም እንባም እኩል ነው የሚመጣብኝ።

ክኖብሎኽን እንመለስባቸው። የቀረውን ጦርነት ያሳለፉት በገጠር፣ አንዲት ካቶሊክ ሴት የራሷ ዲቃላ ልጅ ናት ብላ ደብቃቸው ነው። ያቺ ሴት በመንደሩ የደረሰባትን ስድብ አስቡት፤ ስሟን አጥታ ሰው አተረፈች። ክሬሸንሲያ ሁመል ትባላለች። «ምን ማድረግ ይቻል ነበር?» የምትሉኝ ሁሉ፣ ይሄው፣ አንዲት የቤት ሠራተኛ የነበረች ሴት ያደረገችው ይሄ ነው። ክኖብሎኽ አድገው የሙኒክ አይሁዶች ማኅበረሰብ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከተማው መሃል አዲስ ዋና ምኩራብ እንዲሠራ ታገሉ፤ ኖቬምበር 9 ቀን 2006 ተመረቀ። ስሙ ኦሄል ያዕቆብ ነው። የመሠረት ድንጋዩ በ2003 ሊቀመጥ ሲል ሥነ ሥርዓቱን በፈንጂ ለማጥቃት ያሴሩ ኒዮ ናዚዎች ተይዘዋል። ይሄንንም በ«ነበር» ብቻ እንዳትተርኩት ብዬ ነው የጨመርኩት።

ታሪክ የምታስተምሩ ልጆቼ፣ ብዙ ናችሁ አውቃለሁ፣ ከእናንተ አንድ ነገር እፈልጋለሁ። ክፍል ገብታችሁ ስለዚህ ዘመን ስታስተምሩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ወደመ»፣ «ፈረሰ»፣ «ተቃጠለ»፣ «ተገደሉ» ብላችሁ አትጻፉ። የእኛ መማሪያ መጻሕፍት በእነዚህ ግሶች የተሞሉ ናቸው፤ እኔም ስንት ዓመት አብሬያቸው ኖርኩ። ተማሪው ደብተሩ ላይ ይገለብጠዋል፣ ፈተና ላይ ይመልሰዋል፣ ማን እንዳደረገው ሳያውቅ መቶ ከመቶ ያገኛል። በምትኩ ልጁን አስነሱና «ማን?» በሉት። «ናዚዎች» ካለ «ስማቸው?» በሉት። «ሂትለር» ካለ «እሱ ዶማ ይዞ ነበር?» በሉት። ዶማውን የያዘው፣ መኪናውን ያቀረበው፣ ቦታውን የለካው፣ ኦርጋኑን የገዛው፣ ሜዳው ላይ መኪናውን ያቆመው፤ እስከዚያ ድረስ ይሂድ። ልጁ ይሰላቻል፣ እናንተም ክፍለ ጊዜው ያልቅባችኋል። ይለቅ።

«ቲቸር፣ አንድ ሰፈር ሰውን ሁሉ ጥፋተኛ ልታደርግ ነው» የሚል አይጠፋም። አይደለም። መኪናውን ያቆመና ያዘዘው ሰው እኩል አይደሉም፤ ልዩነቱን ማየት የምትችለው ግን ሁለቱንም በስማቸው ስትጠራ ብቻ ነው። «ፈረሰ» ብለህ ስትዘጋው ሁለቱም አብረው ነጻ ይወጣሉ። ያቺ ልጅ የደበቀችው ሴትም አብራ ትጠፋለች፣ ምክንያቱም ማንም ምንም ባላደረገበት ታሪክ ውስጥ እሷም ምንም አላደረገችም።

በ2023 ጁን መጨረሻ ያቺ የኢዛር ግድብ እንደገና እድሳት ላይ ነበረች። ሠራተኞች ከውኃው ሥር ድንጋይ ሲያወጡ የተጠረበ ዓምድ ክፋይ መጣ፣ ጌጥ ያለው መጣ፣ ከዚያም የዕብራይስጥ ጽሑፍ ያለበት። የሙኒክ የአይሁድ ሙዚየም ዳይሬክተር የነበሩት በርንሃርድ ፑሪን ተጠርተው አዩት። ከምኩራቡ የኦሪት ማኖሪያ በላይ የነበረው የአሥርቱ ትእዛዛት ጽላት ክፋይ ነው። ጽላት ምን እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም፤ ከጀርመኖቹ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። 85 ዓመት፣ ከዚያ ውስጥ 67ቱ ውኃ ውስጥ። ያን ጊዜ ክኖብሎኽ 90 ዓመታቸው ነው፤ ያንን ምኩራብ ቆሞ ሳለ ካዩትና ዛሬም በሕይወት ካሉት ጥቂት ሰዎች አንዷ ናቸው።

በ1956 ያንኑ ድንጋይ የጫኑትም ሠራተኞች ነበሩ፤ በ2023 ያወጡትም ሠራተኞች ናቸው። ቁፋሮ፣ ጭቃ፣ የጊዜ ገደብ ያለበት ውል፣ ሁሉም ያው ነው። የኋለኞቹ ፊደሉን ሲያዩ ለሙዚየሙ ነገሩት፣ ድንጋዩም ለብቻው እየተለየ መውጣት ጀመረ።